መለኪያና ርትዕ፤ በዓለም አቀፍ ውድድሮች ስለ ዳኝነት፣ ስለ ምርጫና ስለ ሽልማት ሥነ ሥርዓት የተነሡ ክርክሮች ታሪክ

የአንድ ዓለም አቀፍ ውድድር ውጤት ከሕዝብ ዐይን ከመድረሱ በፊት በሦስት በሮች ያልፋል። የመጀመሪያው በር ምርጫ ነው፤ ማን እንደሚሰለፍና ማን እንደሚቀር በዚያ ይወሰናል። ሁለተኛው ልኬት ነው፤ ከተሰለፉት መካከል ማን እንደቀደመ በሰዓትና በሜትር ይረጋገጣል። ሦስተኛው ሥነ ሥርዓት ነው፤ የተወሰነው ነገር በሰንደቅ ዓላማና በመዝሙር ታጅቦ ለዓለም ይታወጃል። ተመልካቹ አብልጦ የሚያስታውሰው ሦስተኛውን ነው። የአንድ ወጣት የዓመታት ድካም ፍሬ የሚያፈራው ወይም የሚመክነው ግን በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት በሮች ላይ ነው።

መሐንዲስ ይህን ታሪክ ሲመረምር የገዛ ሙያውን ጥያቄ መልሶ ያገኘዋል። በሥራ ሥዕል ላይ አንድ ርዝመት ሲጻፍ የሚፈቀደው ልዩነት ከአጠገቡ አብሮ ይጻፋል፤ ፍጹም ሆኖ የሚሠራ ግንብ፣ ፍጹም ሆኖ የሚለካም መሣሪያ የለምና። ልዩነቱ ሳይጻፍ የቀረ እንደ ሆነ ግንበኛውና ተቆጣጣሪው መጣላታቸው አይቀርም። የስፖርት ዓለም ይህን እውነት በልኬት ረገድ ለመቀበል ከስድሳ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል፤ በምርጫ ረገድ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ትምህርቱ እንዴት እንደተገኘና የት ላይ ተገትሮ እንደቀረ በታሪክ ምሳሌዎች ማሳየት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳኛና ባለጉዳይ

በ1908 የለንደን ኦሊምፒክ ሲደረግ የሩጫው ዳኞች እንግሊዞች ነበሩ። ለ400 ሜትር የፍጻሜ ውድድር አራት ሯጮች ቀረቡ፤ ሦስቱ አሜሪካውያን ሲሆኑ አራተኛው የብሪታንያው ዊንድሃም ሃልስዌል ነበር። በዚያን ጊዜ ለእያንዳንዱ ሯጭ የተለየ መስመር አይሠመርም ነበር። በመጨረሻው ቀጥታ ላይ አሜሪካዊው ጆን ካርፔንተር ወደ ውጭ እየሰፋ ሃልስዌልን መንገድ ከለከለው በማለት ዳኞቹ ውድድሩን ሰረዙ፤ ካርፔንተርንም አስወጡ። አሜሪካውያኑ በበኩላቸው ይህ በአገራቸው ደንብ ጥፋት አይደለም ሲሉ ተከራከሩ። ውድድሩ በገመድ በተለዩ መስመሮች እንዲደገም በታዘዘ ጊዜ የቀሩት ሁለት አሜሪካውያን አንሮጥም አሉ። ሃልስዌልም ብቻውን ሮጦ የወርቅ ሜዳልያውን ወሰደ።

በዚህ ክርክር ማን እውነት ነበረው የሚለው ጥያቄ ዛሬ ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ከክርክሩ የተገኘው መፍትሔ ነው። ዳኛው የአንዱ ወገን ተወላጅ በሆነበት፣ ደንቡም ከአገር አገር በሚለያይበት ሁኔታ ቅን ፍርድ እንኳ ቢሰጥ የሚያምነው አይገኝም። ስለሆነም አንድ የጋራ ደንብ የሚያወጣ ዓለም አቀፍ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን በ1912 በስቶክሆልም ተመሠረተ፤ የ400 ሜትር ሩጫም በየመስመሩ የሚካሄድ ሆነ። በመሬት ላይ አስቀድሞ የተሠመረ የኖራ መስመር ብዙ ዳኞች ኋላ ተሰብስበው ሊፈቱት የማይችሉትን ጠብ ገና ሳይነሣ ያስቀረዋል።

ይህ በሆነ ማግሥት የተደረገው ማራቶን ደግሞ ሥነ ሥርዓት ልኬትን የወለደበት ነው። መነሻው የዊንዘር ቤተ መንግሥት፣ መድረሻው በስታዲየሙ ውስጥ ከንጉሣውያን ቤተሰብ መቀመጫ ፊት ለፊት እንዲሆን በመወሰኑ የመንገዱ ርዝመት 26 ማይል ከ385 ያርድ፣ ማለትም 42.195 ኪሎ ሜትር ሆነ። ጣልያናዊው ዶራንዶ ፒየትሪ አንደኛ ሆኖ ስታዲየሙ ውስጥ ከገባ በኋላ ደጋግሞ ወደቀ፤ ባለሥልጣኖች ደግፈው መስመሩን አሻገሩት፤ በዚህም ምክንያት ተሰርዞ ድሉ ለአሜሪካዊው ጆኒ ሄይስ ተሰጠ። በማግሥቱ ንግሥት አሌክሳንድራ ለፒየትሪ በወርቅ የተለበጠ የብር ዋንጫ ሸለሙት። ደንቡ ለሄይስ ፈረደ፤ ሥነ ሥርዓቱ ለፒየትሪ አዘነ፤ ሁለቱም ተገቢ ነበሩ ቢባል ስሕተት አይሆንም። ርዝመቱ ግን በቀጥታ አልጸናም። በ1912 የማራቶን መንገድ 40.2 ኪሎ ሜትር፣ በ1920 በአንትወርፕ 42.75 ኪሎ ሜትር ነበር። የለንደኑ ርዝመት ለሁሉም ውድድር መለኪያ እንዲሆን የተደነገገው በ1921 ነው።

ሰዓቱ ከገንዳው ሲበልጥ

በሰው እጅ የሚያዝ የሩጫ ሰዓት ለረጅም ዘመን አገልግሏል። ሰዓት ያዡ የሽጉጡን ጭስ ዐይቶ ይጫናል፤ የሯጩን ደረት በመጨረሻው መስመር ላይ ዐይቶ እንደገና ይጫናል፤ በሁለቱም ጊዜ ጣቱ ከዐይኑ ኋላ ይቀራል። በ1912 በስቶክሆልም በኤሌክትሪክ የሚረዳ ሰዓትና የመጨረሻውን መስመር የሚያነሣ ካሜራ ተሞከሩ። በ1932 በሎስ አንጀለስ የ100 ሜትር ፍጻሜ ኤዲ ቶላንና ራልፍ ሜትካልፍ እኩል 10.3 ሴኮንድ ተይዞላቸው፣ ዳኞች ፊልሙን ከመረመሩ በኋላ ለቶላን ፈረዱ። ሆኖም መሣሪያው የተያዘው ለዳኛው ረዳት እንዲሆን እንጂ በእሱ ላይ ሥልጣን እንዲኖረው አልነበረም።

የዚህ አሠራር ጉድለት ገሃድ የወጣው በ1960 በሮም ነው። በ100 ሜትር ነጻ ዋና አውስትራሊያዊው ጆን ዴቪትና አሜሪካዊው ላንስ ላርሰን ግድግዳውን የነኩት ዐይን ሊለየው በማይችል ልዩነት ነበር። አንደኛውን እንዲለዩ ከተመደቡት ሦስት ዳኞች ሁለቱ ዴቪት ቀደመ አሉ። ሁለተኛውን እንዲለዩ ከተመደቡት ሦስት ዳኞች ደግሞ ሁለቱ ሁለተኛው ዴቪት ነው አሉ። እንግዲህ ስድስቱ ዳኞች ሦስት ለሦስት ተከፈሉ። የላርሰንን ጊዜ የያዙት ሦስት ሰዓቶች 55.0፣ 55.1 እና 55.1 ሲያሳዩ የዴቪት ሦስቱም 55.2 አሳዩ። ሰዓቶቹ ሁሉ ወደ ላርሰን እያመለከቱ ዋናው ዳኛ ለዴቪት ፈረደ፤ የላርሰንም ጊዜ 55.2 ተብሎ ተመዘገበ። የአሜሪካ ቡድን ያቀረበው አቤቱታ ለዓመታት ሲንከባለል ቆይቶ ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ።

ከስምንት ዓመት በኋላ በሜክሲኮ ሲቲ ኦሊምፒክ ዋናተኛው በእጁ ሲነካው ሰዓቱን የሚያቆም ሰሌዳ በገንዳው ግድግዳ ላይ ተተከለ። የሰው ዐይን ከጉዳዩ ወጣ፤ ክርክሩም ያበቃ መሰለ። በ1972 በሙኒክ ግን ክርክሩ ባልተጠበቀ በር ተመልሶ ገባ። በአራት የዋና ዓይነቶች በሚካሄደው የ400 ሜትር ውድድር ስዊድናዊው ጉናር ላርሰንና አሜሪካዊው ቲም ማኪ እኩል 4 ደቂቃ ከ31.98 ሴኮንድ ገቡ። መሣሪያው የሺኛ ሴኮንድን ልዩነት ማንበብ ይችል ስለነበረ ወደዚያ ተመለከቱ። ላርሰን 4:31.981፣ ማኪ 4:31.983 ሆኖ ተገኘ። በሁለት ሺኛ ሴኮንድ ልዩነት አንዱ ወርቅ፣ ሌላው ብር ተሸለመ።

ስሌቱ ለመሐንዲስ ቀላል ነው። ሁለቱ ዋናተኞች በአማካይ በሴኮንድ 1.47 ሜትር ያህል ተጉዘዋል። በዚህ ፍጥነት በሁለት ሺኛ ሴኮንድ ውስጥ የሚኬደው ርቀት ሦስት ሚሊሜትር አይሞላም። ገንዳው 50 ሜትር ርዝመት አለው፤ ተወዳዳሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ ስምንት ጊዜ ይሄድበታል። በስሚንቶ በተለሰነና ሸክላ በተለጠፈበት ግድግዳ ላይ የአንዱ መስመር ርዝመት ከጎረቤቱ በሦስት ሚሊሜትር እንደማይበልጥ ዋስትና ሊሰጥ የሚችል ግንበኛ አልነበረም፤ ዛሬም የለም። የገንዳ ግንባታ ደንብ ራሱ የሚፈቅደው ልዩነት ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ መሣሪያው የለካው የዋናተኞቹን ብልጫ ይሁን የግድግዳውን ጉብጠት የሚያረጋግጥ አልነበረም። ሰዓቱ እጅግ ትክክለኛ ነበር፤ ፍርዱ ግን በዚህ ትክክለኛነት ምክንያት ርቱዕ ሊሆን አልቻለም።

ከሙኒክ በኋላ የዋና ውድድር ውጤት በመቶኛ ሴኮንድ ብቻ እንዲወሰን፣ ከዚያ በታች ያለው ልዩነት እንደ እኩልነት እንዲቆጠር ተደነገገ። በሳይንስ ታሪክ መሣሪያን ማሻሻል የተለመደ ነው፤ መሣሪያው የሚያነበውን ቁጥር አውቆ መተው ግን ያልተለመደ ብልኅነት ነው። በዚህ ደንብ መሠረት በ2000 በሲድኒ አንቶኒ ኧርቪንና ጋሪ ሆል ልጁ በ50 ሜትር እኩል 21.98 ሴኮንድ ገብተው ሁለቱም ወርቅ ተሸለሙ። በ2016 በሪዮ ሲሞን ማኑኤልና ፔኒ ኦሌክሲያክ በ100 ሜትር እኩል 52.70 ገብተው ወርቁን ተካፈሉ። ቲም ማኪ ግን ከብሩ ጋር ቀረ፤ ደንቡ ወደ ኋላ ተመልሶ አልሠራለትም።

ሜዳውም ይለካል

ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ የሜዳው ነው። በ1968 ኦሊምፒክ ሜክሲኮ ሲቲ ሲደረግ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ነበር። አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ከአምስት እጅ አንድ ያህል ስለሚሳሳ አጭር ርቀት የሚሮጠውንና የሚዘለውን ያግዛል፤ ረጅም ርቀት የሚሮጠውን ግን ትንፋሽ ይነሣዋል። የረጅም ርቀት የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረው አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ በ10,000 ሜትር ስድስተኛ ሆኖ ከገባ በኋላ ራሱን ስቶ ወደቀ። በዚያው ርቀት የኬንያው ናፍታሊ ቴሙ ወርቅ፣ የኢትዮጵያው ማሞ ወልዴ ብር አገኙ፤ ማሞ ማራቶኑንም አሸነፈ። በቆላ ያደገውን ሰው በደጋ ማወዳደር ግፍ ነው የሚል ክርክር በአውሮፓና በአውስትራሊያ በረታ። ነገር ግን የደጋው ሰው በሙቀትና በእርጥበት ወደሚወዳደርበት ቆላ ሲወርድ የኖረበትን ዘመን ማንም ግፍ ብሎት አያውቅም ነበር። ሜዳው ለሁሉም እኩል ነው የሚባለው ተናጋሪው በለመደው ሜዳ ላይ ሲሆን ነው።

በዚያው ኦሊምፒክ ቦብ ቢመን በርዝመት ዝላይ 8.90 ሜትር ዘሎ የቀድሞውን ክብረ ወሰን በ55 ሴንቲሜትር አሻሻለ። በሐዲድ ላይ የሚንሸራተተው አዲሱ የመነጽር መለኪያ እስከዚያ ርቀት ስለማይደርስ ዝላዩ በብረት ሜትር ተለካ። የጀርባው ነፋስ ፍጥነት በሴኮንድ 2.0 ሜትር ተመዘገበ፤ ይህም ክብረ ወሰን ለማጽደቅ የሚፈቀደው የመጨረሻው መጠን ነው። መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች የሰው ልጅ የሚደርስበትን ርቀት አስቀድመው ገምተው ነበር፤ ግምታቸው አነሰ።

ድምፅም ሜዳ አለው። በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ400 ሜትር ሩጫ መነሻ ላይ ስምንተኛው መስመር ከአንደኛው 53 ሜትር ያህል ቀድሞ ይቆማል። አስነሺው ሽጉጡን በአንደኛው መስመር አጠገብ ቢተኩስ ድምፁ ስምንተኛው ሯጭ ዘንድ የሚደርሰው ከ0.15 ሴኮንድ በኋላ ነው። ውጤት በመቶኛ ሴኮንድ በሚለይበት ውድድር ይህ የሜዳልያ ልዩነት ነው። በየሯጩ መነሻ ኋላ ድምፅ ማጉያ መትከል ይህን ችግር አቃለለው። ሌላው የመነሻ ጥያቄ ግን አልተቃለለም። ተኩሱ ከተሰማ በኋላ ከ0.1 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ የተነሣ ሯጭ ቀድሞ እንደተነሣ ይቆጠራል፤ ከ2010 ጀምሮም በአንድ ጥፋት ብቻ ይሰረዛል። በ2022 በዩጂን በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና በ110 ሜትር መሰናክል ፍጻሜ አሜሪካዊው ዴቨን አለን በ0.099 ሴኮንድ ተነሥተሃል ተብሎ ተሰረዘ። በአንድ ሺኛ ሴኮንድ ማለት ነው። በ1972 ገንዳ ላይ የተጣለው የሺኛ ሴኮንድ ፍርድ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በመሮጫው ሜዳ ላይ እንደገና ታየ።

በማራቶን ረገድ ግን አትሌቲክስ ብልኅነት አሳይቷል። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ሲያሸንፍ፣ ሶቪየታዊው ሰርጌ ፖፖቭ በ1958 በስቶክሆልም ካስመዘገበው ጊዜ በስምንት ዐሥረኛ ሴኮንድ ብቻ ያነሰ ነበር። የሮም መንገድና የስቶክሆልም መንገድ አንድ ስላልሆኑ ፌዴሬሽኑ የማራቶን ጊዜን «የዓለም ክብረ ወሰን» ሳይሆን «የዓለም ምርጥ ጊዜ» ሲል ቆየ፤ ክብረ ወሰን የሚለውን ስም የሰጠው ከ2004 ጀምሮ ነው። ዛሬ መንገዱ የሚለካው መጠኑ በተረጋገጠ የብስክሌት መቁጠሪያ ነው፤ መንገዱ በስሕተት እንዳያጥርም በየኪሎ ሜትሩ አንድ ሜትር ይጨመርበታል፤ በጠቅላላው 42 ሜትር ያህል ይሆናል። ክብረ ወሰን የሚጸድቅበት መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው በኪሎ ሜትር ከአንድ ሜትር በላይ ቁልቁል መውረድ አይገባውም፤ መነሻውና መድረሻውም ከጠቅላላው ርዝመት እኩሌታ በላይ መራራቅ የለባቸውም። በ2011 ኬንያዊው ጆፍሪ ሙታይ በቦስተን 2:03:02 ሲሮጥ፣ በጊዜው ክብረ ወሰኑ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ 2:03:59 ነበር። የቦስተን መንገድ ይህን ደንብ ስለማያሟላ የሙታይ ጊዜ ክብረ ወሰን ሆኖ አልጸደቀም። ደንቡ አስቀድሞ የታወቀ ስለነበረ ውሳኔውን በአድልዎ የሚተች ማስረጃ አይኖረውም።

አራተኛው ሰው

በዘመናዊ ኦሊምፒክ የመጀመሪያ ዓመታት ሰው በግሉ ተመዝግቦ ሊወዳደር ይችል ነበር። ከ1908 ጀምሮ ግን ተወዳዳሪ የማቅረብ መብት የብሔራዊ ኦሊምፒክ ኮሚቴዎች ሆነ። ዛሬ በአትሌቲክስ አንድ አገር በአንድ የግል ውድድር ከሦስት ሰው በላይ አያሰልፍም። በዚህም ምክንያት ብዙ ብርቱ ሯጮች ባሉባት አገር አራተኛ የሆነ ሰው በሌላ አገር አንደኛ ሊሆን ሲችል ኦሊምፒኩን ከቤቱ ሆኖ ይመለከታል። የምርጫ ክርክር ሁሉ የዚህ የአራተኛው ሰው ክርክር ነው።

አገሮች ጉዳዩን በሁለት ዓይነት መንገድ ሲፈቱት ኖረዋል። አሜሪካኖች በአንድ የማጣሪያ ውድድር ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጣውን ያለ ብዙ ምክክር ይወስዳሉ። አሠራሩ ግልጽ ነው፤ ጨካኝም ነው። በ1991 በዲካትሎን የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ዳን ኦብራየን በ1992 በኒው ኦርሊንስ ማጣሪያ በምርኩዝ ዝላይ ሦስቱንም ሙከራ ስቶ ከባርሴሎና ኦሊምፒክ ቀረ። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ላይ በፈረንሳይ በታላንስ 8,891 ነጥብ በማግኘት የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። የዓለም ብርቱ ሰው መሆኑ አላጠራጠረም፤ ማጣሪያው የለካው ግን የዓመቱን ብርታት ሳይሆን የአንድ ቀንን ዕድል ነበር።

ብሪታንያውያን በአንጻሩ ለመራጮች ኮሚቴ ሥልጣን ይሰጡ ነበር። በ1984 ሴባስቲያን ኮ በአገሩ ሻምፒዮና በ1500 ሜትር በፒተር ኤልየት ቢሸነፍም ኮሚቴው ኮን መረጠ። ጋዜጦች ኮሚቴውን ተቹት። ኮ በሎስ አንጀለስ በ3:32.53 አሸንፎ መራጮቹን ከትችት አዳነ። በ1988 ግን ያው ሰው በማጣሪያው ሳይሳካለት ሲቀር ኮሚቴው ያለፈ ስሙን ሳይቆጥርለት ተወው፤ ኤልየት ሴኡል ሄዶ የብር ሜዳልያ አመጣ። በሁለቱም ጊዜ ውሳኔው በውጤት ጸደቀ። ይሁን እንጂ ምርጫን በውጤቱ ብቻ መመዘን ድልድይን አልወደቀምና ትክክል ተሠርቷል እንደ ማለት ነው። ጥያቄው ኮሚቴው ሲወስን በምን ደንብ ላይ ቆሞ ነበር የሚለው ነው።

ለኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥ ከባድ ነው። አዲስ አበባ ከሜክሲኮ ሲቲ ትበልጣለች፤ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር ይዘልላል። በዚያ የተደረገ ማጣሪያ በባሕር ጠረፍ ለሚካሄድ ውድድር ያለውን ብቃት በቀጥታ አይለካም። ለቶክዮ ኦሊምፒክ የ2021 ማጣሪያ በኔዘርላንድስ በሄንገሎ ከተማ የተደረገው ስለዚህ ነበር፤ በዚያም ለተሰንበት ግደይ በ10,000 ሜትር 29:01.03 በመሮጥ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ለፓሪስ ኦሊምፒክም በ2024 ማጣሪያው በስፔን በኔርኻ ተደረገ። የማጣሪያው ሜዳ ከውድድሩ ሜዳ ጋር እንዲመሳሰል መደረጉ ተገቢ የምሕንድስና አስተሳሰብ ነው።

ማራቶን ግን ሁሉንም በአንድ ቀን አሰልፎ ማጣራትን አያመችም፤ ማራቶን የሮጠ ሰው ለማገገም ወራት ያስፈልጉታልና። ስለዚህ መራጮች በተለያዩ ከተሞች፣ በተለያየ ነፋስና ሙቀት የተመዘገቡ ጊዜዎችን ጎን ለጎን ለማስተያየት ይገደዳሉ። ከላይ የተጠቀሰው የ42 ሜትር ጭማሪ ብቻውን በዛሬ ሯጮች ፍጥነት ሰባት ሴኮንድ ያህል ነው፤ የነፋሱ፣ የዳገቱና የአሯሯጮቹ ልዩነት ከዚህ በብዙ ይበልጣል። እንግዲህ በሁለት ከተሞች በተገኙ በሁለት ጊዜዎች መካከል ያለ የጥቂት ሴኮንድ ብልጫ የሁለት ሰዎች ብልጫ ነው ብሎ መማል የሙኒክን የሺኛ ሴኮንድ ፍርድ መድገም ነው። የፓሪስ ውድድር ይህን በግልጽ አሳየ። በዚያ ዓመት የቦስተን ማራቶንን ያሸነፈው ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት ሲወጣ በተጠባባቂነት የተያዘው ታምራት ቶላ ተተካ፤ ታምራትም በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። ይህ መራጮቹ ተሳስተዋል አያሰኝም፤ ሲሳይም ብርቱ ነበር። የሚያሳየው በሦስተኛውና በአራተኛው ሰው መካከል ያለው ልዩነት ከመለኪያው ስሕተት በታች ሊሆን እንደሚችል ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሯጩ የማይደርስበት ሌላ ምርጫ አለ፤ ይኸውም የመንግሥታት ነው። በ1976 የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን በዘር መድልዎ ትገዛ ወደነበረችው ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ከሃያ በላይ የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ቀሩ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። በ1972 በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳልያ ያገኘው ምሩጽ ይፍጠር እስከ 1980 መጠበቅ ግድ ሆነበት፤ በሞስኮም 5,000 እና 10,000 ሜትርን አሸነፈ። የሞስኮን ውድድር ደግሞ አሜሪካና ሌሎች ብዙ አገሮች አልተካፈሉበትም። ኢትዮጵያ በ1984 እና በ1988 ዳግመኛ ቀረች። የአፍሪካ አገሮች በ1976 የቆሙለት ጉዳይ እውነተኛ ነበር፤ ዕዳውን የከፈሉት ግን የስፖርት ዕድሜያቸው አጭር የሆነ ወጣቶች ናቸው።

መድረኩ የሚናገረው

ባለ ሦስት ደረጃው የአሸናፊዎች መድረክ በኦሊምፒክ የታየው በ1932 ነው። ከዚያ ወዲህ ሥነ ሥርዓቱ ሦስት ሰዎችን በከፍታ ለይቶ፣ ሰንደቅ ዓላማቸውን ሰቅሎ፣ የአንደኛውን መዝሙር ያሰማል። መድረኩ በራሱ የሚመሰክር መስሎ ይታያል፤ በእውነት ግን የሚመሰክረው የመጀመሪያዎቹ ሁለት በሮች ያሳለፉለትን ብቻ ነው።

በ1936 በበርሊን የማራቶን አሸናፊ ሆኖ በዚህ መድረክ ላይ የቆመው ኮርያዊው ሶን ኪ ቾንግ ነበር። አገሩ በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ስለነበረች የተመዘገበው በጃፓንኛ በተጠራ ስም ነው፤ የተሰቀለለትም የጃፓን ሰንደቅ ዓላማ፣ የተዘመረለትም የጃፓን መዝሙር ነበር። አንገቱን ደፍቶ፣ በተሸለመው የዋርካ ዛፍ ችግኝ የመሰለ የኦክ ተክል በደረቱ ላይ ያለውን ዓርማ ሸፍኖ ቆመ። ዶንግ ኣ ኢልቦ የተባለው የኮርያ ጋዜጣ ዓርማውን ከፎቶግራፉ አጥፍቶ በማተሙ ታገደ። ሰዓቱ 2:29:19.2 በትክክል ለክቷል፤ ሥነ ሥርዓቱ ግን ያን ልኬት ለሌላ ባለቤት አስረክቧል። ከሃምሳ ሁለት ዓመት በኋላ በ1988 የሴኡል ኦሊምፒክ ሲከፈት ሶን ችቦውን ይዞ ወደ ስታዲየሙ ገባ። በርሊን ላይ ይህ በተደረገበት ዓመት አዲስ አበባ በፋሺስት ጦር ተይዛ ነበር። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም ጎዳና፣ በዚያን ጊዜ ተወስዶ በቆመው የአክሱም ሐውልት አጠገብ አልፎ በገዛ ስሙና በገዛ አገሩ ሰንደቅ ዓላማ ሲሸለም የነበረው ትርጉም ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ይጎላል።

መድረኩ የተቃውሞ ስፍራ የሆነበትም ጊዜ አለ። በ1968 ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን አንሥተው በአገራቸው ያለውን የዘር ግፍ ተቃወሙ፤ ከኦሊምፒክ መንደርም ተባረሩ። በ1972 የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ቡድን የመጨረሻዎቹ ሦስት ሴኮንዶች ደጋግመው በመቆጠራቸው በሶቪየት ኅብረት 51 ለ50 ተሸነፈ፤ ተጫዋቾቹ የብር ሜዳልያቸውን አንቀበልም ብለው ከመድረኩ ቀሩ። በ2002 በሶልት ሌክ ሲቲ የበረዶ ላይ ጭፈራ ዳኝነት አድልዎ እንደነበረበት በመገለጹ ለካናዳውያኑ ጥንድ ሁለተኛ ወርቅ ተሰጥቶ ሥነ ሥርዓቱ እንደገና ተደረገ። የዘገየ ፍትሕ ቢሆንም፣ መድረክ የተናገረውን መልሶ ማረም እንደሚቻል አሳይቷል።

ልኬቱ ወሰኑን ባወቀበት ጊዜ ደግሞ መድረኩ ራሱ ይለወጣል። በ2016 በሪዮ በ100 ሜትር የቢራቢሮ ዋና ማይክል ፌልፕስ፣ ቻድ ለ ክሎስና ላስሎ ቼ እኩል 51.14 ገብተው ሦስቱም በብሩ ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ፤ የነሐሱ ደረጃ ባዶ ቀረ። ለሦስት ሰዎች በተሠራ ሥርዓት ላይ ይህ ጉድለት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን መድረኩ ከሚያውቀው በላይ አልተናገረም። በ1992 በባርሴሎና ደግሞ ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ካሸነፈች በኋላ ሁለተኛ የወጣችውን የደቡብ አፍሪካዋን ኤላና ማየርን እጅ ይዛ ስታዲየሙን ዞረች። ደቡብ አፍሪካ ከረጅም እገዳ በኋላ የተመለሰችበት ውድድር ነበር። የ1976ቱን መሥዋዕትነት ትርጉም ማንም ባለሥልጣን ባላዘጋጀው በዚህ ዙር ሕዝብ አየው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለዳኝነትም፣ ለምርጫም፣ ለሥነ ሥርዓትም የሚያገለግሉ ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ደንብ ከውድድሩ በፊት ተጽፎ መታወቅ አለበት፤ በለንደን የጎደለው፣ በቦስተን ጉዳይ የተሟላው ይህ ነው። ሁለተኛ፣ ልኬት ከቆመበት ሜዳ በላይ ትክክል ሊሆን ስለማይችል የሚፈቀደው ልዩነት በደንቡ ውስጥ መጻፍ አለበት። ሦስተኛ፣ ልዩነቱ ከዚያ በታች ሆኖ ሲገኝ ማን እንደሚወስን፣ በምን ተጨማሪ መመዘኛ እንደሚወስንና ለማን አቤት እንደሚባል አስቀድሞ መነገር አለበት።

ሦስተኛው ነጥብ በምርጫ ላይ ሲሠራ ለመራጩ ሥልጣኑን አይነፍገውም። ይልቁንም ከሐሜት ያድነዋል፤ ሁለት ሯጮች በመለኪያ የማይለያዩ መሆናቸውን በግልጽ ተናግሮ በታወቀ ምክንያት አንዱን ሊመርጥ ይችላልና። ለቀረው ሰውም «አንሰሃል» ከመባል ይልቅ «እኩል ነበራችሁ፤ ቦታው ግን አንድ ነው» መባል የተለየ ነገር ነው። ቁጥሩ ያልተናገረውን እንደተናገረ አድርጎ ማቅረብ ግን አራተኛውን ሰው ሁለት ጊዜ መበደል ነው፤ ቦታውንም ያጣል፣ እውነቱንም ይነፈጋል።